ድጋፍ የሌለው ገመድ ቤት

መስከረም 18 ቀን

አባት ሆነው ላሳደጉኝ፣ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ በዚህ በክረምቱ መውጫ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ቀጥዬም ከእናቴ ሞት ወዲህ እናቴ ለሆኑት ለእትዬ፣ ጉልበታቸውን ስሜ የማያልቅ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። «አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ» እያለች ቀኑን ለምታመሸው ለእኅቴ ለደቂቃ ጤና ይስጥልኝ፤ ቁመቷ የት እንደደረሰ በመልስዎ ይገለጽልኝ። ከኋላው ግንብ ማዶ ላሉት ለጎረቤታችን ለአናጢው፣ ከነመጋዛቸው፣ ከነሳላቸውና ከነነገረኛነታቸው፣ ሰላም ይድረሳቸው። ለእንጨትና ለብረት ሰላምታ ማቅረብ ነውር ካልሆነም፣ መዘውሩን እንደምን ሰነበትክ በሉልኝ።

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስቸኮለኝ የመዘውሩ ነገር ነው። ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን ባለመነጽሩ ሾፌር ባለፈው ሲመጣ፣ «አጎትህ የገመዱን መዘውር ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሊሸጠው ነው። ሰውዬው በኅዳር ማለቂያ መኪና ይዞ ይመጣል። አጎትህም ገመድ ቤቱን ዘግቶ የመጋዘን ዘበኛ ሊሆን ነው» አለኝ። «ተሳስተሃል» አልኩት። «እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ወሬኛ አይደለሁም» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እውነት ከሆነ ይጻፉልኝ፤ ሐሰት ከሆነም ይጻፉልኝ፤ ዝም ከማለትዎ ሁለቱም ይሻለኛል።

እንደሚያውቁት፣ የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ላሉ አነስተኛ የሥራ ቤቶች ገንዘብ የሚያፈላልግና አማካሪ የሚልክ ነው። በዚያ ያለኝ ድርሻ ወለል መወልወልና ሻይ ማቅረብ ቢሆንም፣ ሻይ የሚያቀርብ ሰው ሲገባ ማንም ንግግሩን አያቋርጥም። በአገናኝ መንገዱ አግዳሚ ላይ ወረቀታቸውን ታቅፈው ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ አያለሁ፤ ሳሙና የሚያበስሉ እናት፣ ኮርቻ ሰፊ፣ ቀፎ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች። ሲገቡ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ ሲወጡ ግን አንዳንዶቹ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይወርዳሉ። ታዲያ አንድ ቀን ለአማካሪዋ ሻይ ካስቀመጥኩ በኋላ መውጣት አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ጎደለ?» አሉኝ። «ገመድ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ሁሉንም ጠየቁኝ።

እንደነገሩኝ ከሆነ ገንዘቡ ስጦታ ሳይሆን ወለዱ ዝቅ ያለ ብድር ነው። ለቃጫ መግዣ፣ ለቤት ማደሻ፣ ለመሣሪያ ይሆናል። ከገንዘቡ ጋርም አማካሪ ይመጣል፤ ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ በስንትስ መሸጥ እንደሚገባው ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ የሚመክር፣ ዓመት ሙሉ የማይርቅ ሰው። እርስዎ ብቻ ይፍቀዱ እንጂ መጥተው ለማየት ፈቃደኛ ናቸው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁብኝ። ወለል የሚወለወለው እንደ ገመድ ሥራ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። የረገጡትን መልሰው እንዳያቆሽሹ ማለት ነው። ታዲያ እኔ በረጅሙ አገናኝ መንገድ ላይ ወደ ኋላ እየሄድኩ ስወለውል፣ እርስዎ ቃጫውን ወገብዎ ላይ ጠምጥመው፣ ጣትዎን እያራሱ፣ መዘውሩን ከሚያዞሩት ከእትዬ እየራቁ ሲሄዱ ይታየኛል። ጀርባዎ የኋላውን ግንብ ሲነካ እትዬ «በቃ» ይሉ ነበር፤ ገመዱም አለቀ ማለት ነው። እኔም ጀርባዬ የአገናኝ መንገዱን መጨረሻ ሲነካ «በቃ» የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። የሚመጣው ግን የሊፍቱ ጩኸት ነው።

መልስዎ እስኪደርሰኝ መዘውሩን አደራ።

የእኅትዎ ልጅ፣ የገመድ ጫፍ ሲይዝ ያደገው
ጫፍ


ጥቅምት 20 ቀን

ጫፌ፣ የእኅቴ ልጅ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰላምታህን ለሁሉም በየተራ አድዬአለሁ። መዘውሩ ግን መልስ አልሰጠም፤ ዘይት ጠምቶት አኩርፏል። አናጢው «ከነነገረኛነታቸው» ያልከውን ሲሰማ መጋዙን አስቀምጦ፣ «ይህ ልጅ ሻይ ሲያቀርብ ምላሱንም አብሮ አፈላው እንዴ?» አለ። ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብሎ ያንኑ መስመር ራሱ አነበበና ደስ ብሎት ወደ ግቢው ተመለሰ። የደቂቃን ቁመት እንደወትሮው በኋላው ግንብ ላይ ልንለካ ሞክረን ነበር። ነገር ግን ግንቡ ከክረምቱ ወዲህ ወደ እኛ በኩል አዝሟል፤ እሷ አድጋ ይሁን እሱ ጎንብሶ ለመለየት አልቻልንም። በወፍራም ግንድ ደግፈን አቁመነዋል። አሁን ወደ ኋላ ስሄድ ጀርባዬ የሚነካው ግንቡን ሳይሆን ግንዱን ነው፤ ገመዱም በዚያው ልክ አጥሯል።

ሾፌሩ ያልዋሸ ዕለት እውነት ተናገረ። መዘውሩን ልሸጠው ነው። ባለቀለሙ የናይለን ገመድ ገበያውን ጠቅልሎ ወሰደው። ድሮ ሰው ገመድ ሊገዛ ሲመጣ ይስበዋል፣ ያሸዋል፣ እንዲያውም ያሸተዋል። አንድ ጋሪ ነጂ እንደነበር ታስታውሳለህ? ገመዱን በጥርሱ ካልሞከረ የማይገዛ? አሁን ሰው ቀለሙን አይቶ ይሄዳል። ባለፈው ለቃጫ የሚሆን ገንዘብ ላክልኝ ብዬህ ነበር፤ ተወው፤ ለሚዘጋ ቤት መጥረጊያ አይገዛም።

ስለ ብድሩ አስቤበታለሁ። ብድር በምድር ይባላል፤ የእኔ ምድር ግን ከመዘውሩ እስከ ግንቡ ናት። ስለ አማካሪዋም እትዬህን «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይላሉ፤ እኔ ግን ያለ መካሪ ሠላሳ ዓመት ነገሥኩ» ብላት፣ «ለዚህ ነዋ ዘውዱ ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው» አለችኝ። እንግዲህ አማካሪዋ ትምጣና ትይ። ብረት ገዢውን እስከ ኅዳር ማለቂያ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቅብኝ፤ ሰውዬው ቀብድ ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚያናግረኝ።

እትዬህ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተከበሩ ለጋሼ፣ ለእናቴ ለእትዬ፣ ቁመቷ ላልታወቀው ለደቂቃ፣ እንዲሁም ነገረኛነታቸውን በጸጋ ለተቀበሉት ለአናጢው፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ፈጣሪ ደጃችሁን አይዝጋው፤ ከእጃችሁ ሥራ አያጥፋ። የጋሼን ደብዳቤ ከሾፌሩ እጅ እንደተቀበልኩ እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስለ ጋሪ ነጂው የተጻፈው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ራቅ አለችኝ። እኔም አስታውሳቸዋለሁ። ገመዱን ነክሰው «ይህ ሰው ያክማል» ይሉ ነበር። ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። አማካሪዋ ኅዳር 20 ቀን ጠዋት እናንተ ዘንድ ይደርሳሉ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ከሻንጣቸው ይልቅ እስክሪብቷቸው ትጠፋባቸዋለች፤ ሲፈልጓት በጸጉራቸው ውስጥ ተሰክታ ነው የምትገኘው። የሚጠይቁትን ሳይቸኩሉ ይመልሱላቸው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እባክዎን ለእትዬም ያነቡላቸው ዘንድ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ።

አማካሪዋ እንዳስረዱኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚቀበለው ከሌላ ወገን ድጋፍ የሌለውን ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በመጡበት ዕለት፣ ቤቱ ያለ ምንም ድጋፍ በራሱ የቆመ መሆኑን በዓይናቸው ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። ድጋፍ ያለው ሆኖ ከተገኘ፣ ድጋፉ ትንሽም ቢሆን፣ ጥያቄያችን ይሰረዛል። ባለፈው ወር የአንድ ሸክላ ሠሪ ጥያቄ በዚሁ ምክንያት ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውዬው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ኮፍያቸውን ሲያሹ ነበር። በዚህ ነገር ጥብቅ አደራ እላለሁ።

ሌላው፣ ከደብዳቤዎ ግርጌ እንደወትሮው የእትዬ መስመር አልነበረችም። ሁልጊዜ «ልጄ፣ ብላ» የምትል አንዲት መስመር በእጃቸው ይጽፉልኝ ነበር፤ «ብላ»ዋ ከወረቀቱ ጠርዝ ወርዳ ልትወድቅ ትደርስ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬም ፈለግሁ። ምናልባት ሾፌሩ ቸኩሎባቸው ይሆናል። ምክንያቱ ይጻፍልኝ።

አክባሪዎ
ጫፍ


ኅዳር 29 ቀን

ለተከበሩ ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልስ አልደረሰኝም። ሾፌሩን በየጉዞው አውቶቡስ ማቆሚያ ሄጄ ጠበቅሁት፤ ባዶ እጁን እያሳየኝ «ምን ላድርግህ፣ እኔ ልጻፍልህ?» ይለኛል። አማካሪዋ ከእናንተ ወዲያ ወደ ሌሎች ከተሞች ስላለፉ እስካሁን አልተመለሱም። የጻፍኩት ደርሷችሁ ይሆን? የጻፍኩት ነገር አስቀይሟችሁ ይሆን? ወይስ ጥያቄያችን ወድቆ ልትነግሩኝ ከብዷችሁ ይሆን? የኅዳር ማለቂያ እንደደረሰ አውቃለሁ። መዘውሩ ከቦታው መኖሩን ብቻ ጻፉልኝ። ሌላው ይደርሳል።

ጫፍ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ጫፌ፤

መዘውሩ ከቦታው አለ። ግንቡ ግን የለም።

አትደንግጥ፣ ማንም አልተጎዳም። የዘገየሁት ድንጋይ ስናነሣ ስለከረምን ነው፤ ጣቴ እስክሪብቶ መያዝ የቻለው ዛሬ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ደብዳቤህ ሲደርስ ደጋግመን አነበብነው። «ቤቱ ያለ ምንም ድጋፍ በራሱ የቆመ መሆኑን በዓይናቸው ማረጋገጥ ይፈልጋሉ» ትላለህ። እትዬህ «ሰዎቹ ስለ ግንባችን ምን አገባቸው?» አለች። እኔም «የቢሮ ሰው ሥራ አያልቅበትም፤ ሊፈርስ ለደረሰ ቤት ብድር አንሰጥም ማለታቸው ይሆናል፤ እውነት አላቸው» አልኩ። እሷም «ከሌላ ወገንስ የሚለው?» ስትል፣ «ግንዱ የቆመው በየት ወገን ነው ታዲያ?» አልኳት። ዝም አለች። ስትረታ ዝም አትልም፣ ታውቃታለህ፤ ስትፈራ ነው ዝም የምትለው። አናጢውን ጠራሁትና አስነበብኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «ልጁ ‹ድጋፉ ትንሽም ቢሆን› ብሎ ጽፏል። ግንዱ ደግሞ ትልቅ ነው። ስለዚህ ይነሣ። እንግዳዋ ስትሄድ መልሰን እናቆመዋለን» ብሎ ፈረደ። ያ የሸክላ ሠሪው ኮፍያ ሁላችንንም አስፈርቶን ነበር።

ጠዋት ግንዱን አወጣነው። ግንቡ ቆመ። ከመዘውሩ ሥር ሆነን ትንፋሻችንን ይዘን አየነው፤ ቆመ። «አየሽ» አልኳት እትዬህን። አማካሪዋም መጣች፣ ልክ እንዳልከው ረጅም። ቃጫውን ነካች፣ ገመዱን ሳበች። ጥሩ ሰው ናት፤ ሳትጠየቅ እጇን ታጥባ ነው ቃጫ የነካችው። ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ፣ «ከሌላ ወገን የምታገኙት ድጋፍ አለ?» ብላ ጠየቀች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «የለም እመቤቴ፤ ይኸው እንደሚያዩት በራሱ ቆሟል» ብዬ ወደ ግንቡ ጠቆምኩ።

ጫፌ፣ ግንቡ ጣቴን ይጠብቅ ኖሯል። በመጀመሪያ እንደሚያስነጥስ ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ከዚያ ገመድ መሄጃው ላይ በደረቱ ተዘረረ። አቧራው ሲበተን ከማዶ አናጢው መጋዙን እንደያዘ ቆሞ ታየ። «እኔ አልነካሁትም» አለ።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለች አማካሪዋ።

«ድጋፍ ያለው ቤት አትቀበሉም ስለተባለ ግንዱን አንሥተነው ነው» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን የቃጫው ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በወረቀቱ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ቀረች። የምታለቅስ መስሎን እትዬህ ውኃ አመጣችላት። ሳቅ ነው ለካ። «እኛ ድጋፍ የምንለው ሌላ የሚረዳችሁ ድርጅት አለ ወይ ለማለት ነው» አለችን። እትዬህ አየችኝ። ያን አስተያየት በደብዳቤ ልገልጸው አልችልም፤ ቀርቶብሃል።

ሳቋ ሲበርድ ሴትዮዋ ገመዶቹን እያየች፣ «እነዚህ ሁሉ ለምን እኩል ናቸው?» አለችኝ። «ጀርባዬ ግንቡን ሲነካ ነዋ የሚያልቁት» አልኳት። «ገዢዎችዎ የሚፈልጉት ልክ ይህ ነው?» አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ከዚህ በታች ባለው ቆላ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ሰዎቹ ሁለት ገመድ እየቀጠሉ ነው የሚቀዱት፤ ቋጠሮው መንኮራኩሩ ላይ እየተሰነቀረ ያስለቅሳቸዋል፤ ናይለኑ ደግሞ በእርጥብ እጅ ሲያዝ ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ ያየችው ስትመጣ በመንገድ ላይ ነው። «ቋጠሮ የሌለው ረጅም ገመድ ቢያገኙ ይገዙ ነበር» አለችኝ። «መሄጃ የት አለኝ?» ብዬ ቀና ስል፣ ግንብ የለም፣ የአናጢው ግቢ እስከ ታች ድረስ ተከፍቶ ይታያል።

አናጢውን መለመኑ ሌላ ጣጣ ነበር። «በግቢዬ ፊቱን አዙሮ የገባ እንጂ ጀርባውን ሰጥቶ የገባ ሰው የለም» አለ። «እንዳላይህ ብዬ ነው» አልኩት። «መጋዜን ካቆምኩ በኋላ ብቻ። ሳንቃዬን የረገጥክ ዕለት ግንቡን ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ ፈቀደ። መሄጃው ከድንጋይ እንደጸዳ ደቂቃ መዘውሩን እያዞረች፣ እኔ ቃጫውን ታጥቄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ግንቡ የነበረበት ስደርስ እግሬ በራሱ ቆመ። ማንም «በቃ» አላለኝም። ጀርባዬ የለመደውን ድንጋይ ይጠብቅ ነበር። እንዲያ ቆሜ አባቴን፣ የአባቴንም ወንድም አሰብኩ፤ ሁሉም እዚያች ላይ ደርሰው የቆሙ ናቸው። ከዚያ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። አንተ ብታይ ኖሮ አልኩ በልቤ።

ብረት ገዢው መጥቶ ነበር። ፍርስራሹን አይቶ «ከእኔ ቀድሞ ግንቡን የገዛው ማን ነው?» አለኝ። ጥር መጨረሻ ተመለስ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰበብ የለኝም፤ ብድሩ ካልመጣ መዘውሩ ይሄዳል።

ገንዘብ አትላክ። ይልቅ ደብዳቤህ ሁሉ ስለ እኛ ነው፤ ስለ ራስህ ጻፍ። የት ነው የምትተኛው? ማን ያበላሃል? እትዬህ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ፣ ለውድ እናቴ ለእትዬ፣ ለደቂቃ፣ ጀርባ ለሚሰጧቸው ለአናጢው፤

ከድንጋይ ሥር ላወጣችሁ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አግዳሚው ላይ፣ ባለጉዳዮቹ በሚቀመጡበት፣ ተቀመጥኩ። «ድጋፍ» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአራተኛ ክፍል ዕውቀቴ የቢሮውን አነጋገር አሳምሬ ልጽፍ ስል ግንባችንን ጣልኩት። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ስለ ራሴ ጻፍ ብለውኛል። የምተኛው ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር በተከራየነው ክፍል ነው። አልጋው አንድ ነው። እሱ ለሥራ ሲወጣ እኔ እገባለሁ፤ እኔ ስወጣ እሱ ይገባል። ስለዚህ ከተዋወቅን ወዲህ በደንብ የተነጋገርነው ሁለታችንም ሥራ ባልነበረን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ማን አልጋው ላይ ይተኛ በሚለው ስንከራከር ዋልን። ትራሱ ሁልጊዜ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ሞቆ ነው የማገኘው፤ የሌላ ሰው ሙቀት ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እበላለሁ፤ ዳቦ አይጠፋም። የርጥብ ቃጫ ሽታ ግን በዚህ ከተማ የትም የለም። አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሸክሙን በቃጫ ገመድ ያሰረ ሰው አይቼ፣ የእኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ ተሸካሚዎቹ መጋዘን ድረስ ተከትዬዋለሁ። የእኛ አልነበረም፤ አገማመዱ ወደ ግራ ነው።

አሁን ስለ ጉዳያችን። አማካሪዋ ትናንት ተመልሰዋል። የግንቡን ነገር በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሻይ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ትሪውን እንደያዝኩ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የገመድ ሠሪው ሚስት ቀኝ ክንድ ተይዟል፤ መዘውሩን የምታዞረው ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ናት» አሉ። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጋሼ፣ «ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች» ብለው ጽፈውልኛል። ሁለት ጊዜ። የእትዬ መስመር የቀረችው ሾፌሩ ቸኩሎ አይደለም። ደቂቃ መዘውሩን አዞረች ሲሉኝም ልገነዘብ ይገባኝ ነበር፤ እትዬ በጤናቸው ያን መዘውር ለማንም አሳልፈው አይሰጡም። አልወቅስዎትም። እኔን ላለማስጨነቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ባለማወቅም ስጨነቅ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ እንዲህ ነው። ብድሩ እንዲፈቀድ ተስማምተዋል፤ ረጅሙ ገመድ ገበያ እንዳለው አምነዋል፤ አማካሪዋም ከቆላዎቹ ጋር ሊያገናኙዎት በየወሩ ይመላለሳሉ። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ቤቱ ሁለት ለአቅመ ሥራ የደረሱ ቋሚ ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ መዘውር የሚያዞር፣ አንዱ የሚፈትል። ልጅ አይቆጠርም፤ የታመመ ሰው አይቆጠርም። የሁለተኛው ሰው ስም እስከ ጥር አጋማሽ ካልቀረበ ገንዘቡ ለሌላ አመልካች ያልፋል። ብረት ገዢው በጥር መጨረሻ ምን ይዞ እንደሚሄድ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

አማካሪዋ ስወጣ ተከትለውኝ መጡና፣ «አጎትህን ሁለተኛ ሰው አለዎት ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹አለኝ፤ ግን አልጠራውም› አሉኝ። ማን ይሆን?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ወለሉን ስወለውል ዋልኩ፤ ንጹሑን ሁሉ ደግሜ ወለወልኩት።

ስሄድ አውቶቡሱ በር ላይ፣ «የእኛ ሥራ ወደ ኋላ የሚኬድበት ነው፤ አንተ ፊትህን አዙረህ ሂድ» ብለውኝ ነበር። ቃልዎን አክብሬ ሄድኩ፤ ቃልዎን አክብሬም ልመለስ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እርስዎም ቃልዎን አክብረው ሳይጠሩኝ ቀሩ። እንዲህ እንደተከባበርን ገመድ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ደመወዜ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ የምልከው ገንዘብም ይቀራል። ከእኛ ቤት አንድ እንኳ ከተማ ይልመድ ብለው የከፈሉትን ሁሉ አስቤዋለሁ። ተመልሶ መጣ ብለው ሰዎች እንደሚያሙኝም አስቤዋለሁ፤ አናጢው ቀድመው እንደሚያሙኝ አልጠራጠርም። ክንዴ ጤነኛ ነው። መዘውር ማዞር እችላለሁ። ደቂቃ ትምህርቷን ትቀጥል።

እስካሁን በጻፍኩልዎት ደብዳቤ ሁሉ ስለ ብድር፣ ስለ መዘውር፣ ስለ ግንብ ስጠይቅ ነበር። ይህን አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም። ልምጣ?

ባለመነጽሩ ሾፌር አውቶቡሱ እስኪሞላ እዚያው እናንተ ዘንድ ይጠብቃል፤ ለምኜዋለሁ፣ የምሳውንም ሰጥቼዋለሁ። ና ወይም ተው ብለው ጽፈው በእጁ ይመልሱልኝ። እርስዎ ከከበደዎት እትዬ በግራ እጃቸው ይጻፉት፤ እሳቸው ካልቻሉ ደቂቃ ትጻፈው፤ እሷም «አንድ ደቂቃ» ካለች አናጢው ይጻፉት። ማንም ይጻፈው፣ ግን አሁኑኑ፣ አውቶቡሱ ሳይነሣ።

ጫፍ